የአሥራ አምስት ቁልፍ መንግሥት

«አይገጥምም» አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። ውሸት ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? አንድ ቃል ብቻ፣ ያውም አጭር።

ፊት ለፊቷ የተከፈተ ካርቶን አለ። ውስጡ በዘይት በራሰ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ መሐላቸው እንደ ሸምበቆ ክፍት የሆነ የብረት ዘንጎች ተጋድመዋል። አንዱን በግራ እጇ ይዛለች። በቀኝ እጇ ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የፈታችውን ሾጣጣ ብረት ዘንጉ ላይ አዙራ ሞክራዋለች። ብረቱ አንዴ እንኳ ሳያንገራግር፣ ጣቱን እንዳገኘ ቀለበት ሰተት ብሎ ገብቷል። ይህን ያየ ግን ማንም የለም። የብስክሌት ክበቡ አባላት በሙሉ የሚያዩት የእሷን ፊት ነበር።

«ምኑ ነው የማይገጥመው?» አለ የክበቡ አለቃ። ዳገት ይሉታል። ሌላው ሰው ምላሱን አውጥቶ የሚገፋውን አቀበት እሱ እያፏጨ ስለሚወጣው ነው።

«ጥርሱ ነዋ» አለች፣ ዘንጉ ላይ የተቆረጠውን ጠመዝማዛ መስመር በጥፍሯ እየነካካች። «የኛ ጎማዎች የድሮ ናቸው። ጥርሳቸው ደቃቅ ነው። በግድ ካስገባነው ይበላል።»

«ባለሱቁ ግን ሱቁን ሲዘጋ ይገጥማል ብሎ ነው የሰጠን።»

«ሱቁን የዘጋው ለዚህ ነዋ!» አለች የልብ ጓደኛዋ ሬዲዮ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ሬዲዮ ስሟን ያገኘችው ሞገዷ ስለማይቆራረጥ ነው፤ ጠዋት የተከፈተች ማታም ትሰማለች።

የስፖርት መምህሩ ግን አልሳቁም። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው ወደ ኪሳቸው፣ ከኪሳቸው ወደ አንገታቸው ሲያመላልሱ ቆዩና ጎንበስ ብለው ካርቶኑን ዘጉት። «አሥራ አምስት አይገጥምም ካለች አይገጥምም» አሉ። «ነገ እመልስለታለሁ።»

ማንም እስቲ ልየው አላለም። ማንም ዘንጉን ከእጇ ተቀብሎ አልሞከረም። አንድ ሰው እንኳ ቢጠራጠራት ቀለል ባላት ነበር።

አሥራ አምስት ዕድሜዋ አይደለም። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ቅጽል ስሟ አንድ ዓመት ቀድሟታል። ስሙ የመጣው ከቁልፉ ነው። የትምህርት ቤቱ ብስክሌቶች ከአንዳንዶቹ መምህራን በዕድሜ ይበልጣሉ። ጎማቸውን ግራና ቀኝ ከሚይዘው ባለ ሁለት እግር ሹካ ጋር የሚያያይዙት ግራና ቀኝ ጠብቀው የተቀመጡ ሁለት ዳዶዎች ናቸው። ዳዶዎቹን የሚፈታው ደግሞ የአሥራ አምስት ቁጥር ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ የሚገኘው በእሷ ቦርሳ ውስጥ፣ በሒሳብ መጽሐፏና በምሳ ዕቃዋ መካከል ነው።

ብስክሌቶቹ የሚያድሩበት መጋዘን ጠባብ ስለሆነ የፊት ጎማቸው ካልወጣ አይገቡም። ለጉዞ የሚጭናቸው ሚኒባስም ከመጋዘኑ አይሻልም። ስለዚህ ማንኛውም ልምምድ፣ ማንኛውም ጉዞ በእሷ ይጀምራል፤ በእሷ ያበቃል። መንግሥታት ከዚህ ባነሰ ነገር ተመሥርተዋል። ወንዝ የተቆጣጠረ አለ፣ ድልድይ የተቆጣጠረ አለ፤ እሷ ዳዶ ተቆጣጠረች። ቁልፉ በየብረታ ብረት ሱቁ እንደ ምስማር የሚሸጥ መሆኑ ለማንም ትዝ አለማለቱ ይገርማል። ግን መንግሥት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከለመዱት ከየት መጣ የሚል የለም።

ጥቅሙም ቀላል አልነበረም። «አሥራ አምስትዬ፣ የኔን አስቀድሚልኝ» የሚል ብስኩት ይዞ ይመጣል። ዳገት እንኳ፣ ያ አንገቱን ሰብሮ ለማንም የማይለምን ልጅ፣ ጎማው ሲተነፍስ ድምፁ ይለሰልሳል። ዋናው ጥቅም ግን ወንበሩ ነው።

ሚኒባሱ የሚይዘው ስምንት ተማሪ ነው። ክበቡ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ በየጉዞው አንድ ሰው ይቀራል። የሚቀረውም በሳምንቱ የሜዳ ውድድር መጨረሻ የወጣው ነው። እንዲህ ነው ሕጉ። አሥራ አምስት ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣለች፤ ግን ቀርታ አታውቅም። ጎማውን ማን ፈትቶ ማን ይግጠም? ስለዚህ በእሷ ፈንታ ከመጨረሻ ሁለተኛ የወጣው ይቀራል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሬዲዮ ናት። ስለ ምሳ ሰዓት ደወል አደዋወል ሳይቀር ሐተታ ያላት ሬዲዮ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም።

የዚህ ቅዳሜ ጉዞ ደግሞ ወደ ግድቡ ነው። ውኃውን ዙሪያውን የሚከበው መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ አቀበት የለ፣ ቁልቁለት የለ። አሥራ አምስት በዓመቱ ውስጥ ከሰው እኩል የምትነዳበት አንድ መንገድ ቢኖር ይኸ ነው።

እንግዲህ ካርቶኑ በዚህ መሐል መጣ። አዲሶቹ ዘንጎች መሐላቸው ክፍት ስለሆነ በውስጣቸው ቀጭን ብረት ያልፋል፤ በአንደኛው ጫፉ ጣት የምታህል እጀታ አለችው። እጀታዋን መክፈት፣ ጎማውን ማውጣት፤ ጎማውን ማስገባት፣ እጀታዋን ማጠፍ። ቁልፍ የለ፣ ዳዶ የለ። ካርቶኑ ሲከፈት ሌላው ሰው ያየው እጀታ ነበር። እሷ ያየችው ሚኒባሱ ያለ እሷ ከግቢ ሲወጣ ነው።

*

እናቷ የሊፍት ጠጋኝ ናት። የዚያን ቀን ለእራት ተቀምጠው ሾርባው ገና እየጨሰ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ደግሞ ማን ታሰረ?» አለች እናቷ ስልኩን ሳታነሳ። ሲደወልላት የምትለው ይህንኑ ነው። አነሳች፣ አዳመጠች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። «ነይ፣ አብረን እንሂድ። ከኋላ ያለው ሕንፃ ነው።»

የሕንፃው ዘበኛ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ሸበቶ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ ምነው ዘገዩ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ማንኪያዬን እንኳ አላስቀመጥኩም» አለች እናቷ፤ እውነቷን ነበር፤ ማንኪያው በግራ እጇ አለ።

ከሊፍቱ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። «ሰው አለ? እስከ ነገ ልቆይ ነው? ኬክ ይዣለሁ እኮ!»

እናቷ የሊፍቱን ኃይል አጥፍታ፣ በትንሿ መስኮት አጮልቃ፣ በሩ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ ከትታ ጠመዘዘች። በሩ ተንሸራተተ። ሴትዮዋ አገጯን ክሬም እንደነካው ወጣች። የያዘችው ሳጥን ክዳኑ ክፍት ነው።

«ሻማዎቹ ደኅና ናቸው» አለች ሴትዮዋ በኩራት፤ አመሰግናለሁ ሳትል ደረጃውን ወጣች።

እናቷ ቁልፉን ልትመልስ ከቦርሳዋ ጋር ስትታገል ቆየችና ሐሳቧን ለወጠች። «ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነዋ። መጀመሪያ ኃይሉን ያጠፋሉ። ከዚያ በዚህች መስኮት ሊፍቱ ከወለሉ ጋር እኩል መቆሙን ያያሉ። እኩል ካልሆነ እንዳይነኩት፣ ይደውሉልኛል። እኩል ከሆነ ብቻ ቁልፉን እዚህ ይከታሉ። በሉ፣ ይሞክሩት።»

ዘበኛው ሞከሩ። በሩ ተከፈተ። ዘጉትና እንደገና ከፈቱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲከፍቱት ጎበጥ ያለው ጀርባቸው ትንሽ የቀና መሰለ። «ለካ ይኸው ነው!» አሉ።

«ይኸው ነው። ትርፉን ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አሥራ አምስት ጠየቀች። «እማ፣ እሳቸው ከቻሉ አንቺን ማን ይጠራሻል?»

«ማንም!» አለች እናቷ፣ ዕጣ እንደደረሰው ሰው።

«ቅር አይልሽም ወይ ማለቴ ነው።»

እናቷ ማንኪያውን በኪሷ ከተተችው። «መጀመሪያ ሰሞን ስልኬ ሲጮኽ ደረቴ ይነፋ ነበር። ያለ እሷ አይሆንም ሲሉ እየሰማሁ። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ሰዎቹ የሚወዱኝ ሊፍቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው። ሴትዮዋን አላየሻትም? ቁራሽ ኬክ እንኳ!» ሳቀች። «አሁን ሾርባዬን ትኩስ እንዳለ ልጠጣው።»

ለዚያ ቀን ግን አልተሳካላትም። ሾርባው ቀዝቅዞ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቶ ጠበቃቸው።

*

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ስፖርት መምህሩ ክፍል እስክትደርስ ብዙ ዓይነት ሰበብ አዘጋጅታ ነበር። ብርሃን አልነበረም። ዓይኔን አሞኝ ነበር። ዘንጉ ቆሽሾ ነበር። በጣም የሚያምረው ሰበብ «ብረት ማታ ማታ ይኮማተራል» የሚለው ነበር፤ የፊዚክስ መምህሯ ቢሰሙ ያለቅሳሉ። መምህሩ ደጃፍ ላይ ሆነው ኳስ ሲነፉ አገኘቻቸውና ሁሉም ጠፋባት።

«ቲቸር፣ ዘንጉ ይገጥማል።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ትናንትም ይገጥም ነበር» አለች።

ኳሱ በእጃቸው ላይ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። መምህሩ አላስተዋሉትም ወይም ተዉት። «ካርቶኑን እኮ አልመለስኩትም» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ሰነፍኩ። ስንፍናም ቀን አላት።» በጣታቸው ከጠረጴዛው ሥር አሳዩዋት፤ ካርቶኑ እዚያው ነው። ሊያነሱት ጎንበስ እንዳሉ ግን ድንገት ቀጥ አሉ። «ቆይ... እጀታ ካለው እኮ የቅዳሜው ወንበር...» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገባኝ» አሉ። «ከምሳ በኋላ ጀምሪ። ረዳት ያስፈልግሻል?»

«ሬዲዮን።»

መጋዘኑ በር ላይ አሮጌ ጠረጴዛና ብረት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ አለ። አሥራ አምስት የመጀመሪያውን ጎማ አስተኝታ ዳዶዎቹን ፈታች፣ ድፍኑን የድሮ ዘንግ ከጎማው እምብርት ውስጥ መዝዛ አወጣች። ትንንሾቹ የብረት ኳሶች ሳህን ውስጥ ዘነቡ። አንዷ አምልጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች፣ ሬዲዮ በሆዷ ተኝታ ተከተለቻት።

«ዘጠኝ ነበሩ አይደል? እኔ የማየው ስምንት ነው... አገኘኋት! ክቡራን አድማጮች፣ ተሸሻጊዋ ኳስ በሸረሪት ድር ውስጥ ተይዛለች...»

ኳሶቹን በነጭ ጋዝ አጠቧቸው። አዲስ ግራሶ ቀብተው አንድ በአንድ ደረደሯቸው። ከዚያ ክፍቱ ዘንግ ገባ፣ ሾጣጣው ብረት ተከተለ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ያለ ድምፅ ቦታው ደረሰ። ሬዲዮ በቅርብ ሆና ይህን ሁሉ አየች።

«ይገጥማል ማለት ነው» አለች።

«ይገጥማል።»

«አይገጥምም ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

ሬዲዮ ዝም አለች። እንዲህ ያለ ዝምታ ከእሷ ተሰምቶ ስለማያውቅ አሥራ አምስት ጎማውን ትታ ፊቷን አየቻት። ሬዲዮ ጣቷ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ያልነካውንም ጣት ትጠርጋለች።

«ያን ሰውዬ ግን በከንቱ አማሁት» አለች በመጨረሻ። «ሱቁን የዘጋው ለዚህ ነው ብዬ።» ጨርቁን ወረወረችላት። «እኔም ብሆን አይገጥምም እል ነበር። አንቺን ብሆን ማለቴ ነው። በይ አሁን አጥብቂው፣ ይንገጫገጫል።»

«ሆን ብዬ ነው። ትንሽ ይወዛወዝ።»

«አበላሽተሽ ልትሰጪያቸው?»

«እጀታው ሲታጠፍ ዘንጉን ከሁለት ወገን ይጨምቀዋል፤ ልክ የሚመጣው ያኔ ነው። አሁን ልክ ካደረግሽው ያኔ ይታነቃል።»

ጎማውን ሹካው ላይ ሲሰኩት ሌላ ነገር ብቅ አለ። የድሮዎቹ ብስክሌቶች የሹካ ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ስስ ነው። አዲሱ ዘንግ ደግሞ ለወፍራም ሹካ የተሠራ ስለሆነ ጫፉ በሌላው በኩል አልፎ ወጣ።

«ይኸ ደግሞ ምላሱን አወጣብን» አለች ሬዲዮ።

አሥራ አምስት ትኩር ብላ አየችው። እጀታውን ሞከረች፤ ጥብቅ አለ። ጎማውን በጉልበቷ ገፋ ስታደርገው ግን ተንሸራተተ። እንደገና አጠፈችው፤ እንደገና ጠበቀ፤ እንደገና ተንሸራተተ። ከዚያ ገባት። «የጨበጠው የዘንጉን ጫፍ ነው፣ ሹካውን አልነካውም! የጠበቀ ይመስልሻል እንጂ ጎማው ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

ዘንጉን አወጣች፣ ሞርሳው ላይ አሰረች፣ ጫፉን ሞረደች። ሰካች፣ አየች፣ አወጣች፣ ሞረደች። የሞረድ ድምፅ ጥርስ ያሳክካል፤ ሬዲዮ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ጮክ ብላ ትዘፍናለች። በመጨረሻ የዘንጉ ጫፍ ከሹካው ገጽ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቀረ። እጀታው ሲታጠፍ አሁን የነከሰው ሹካውን ነበር። ጎማውን አነሳችና በጣቷ መታችው። ዞረ፤ ድምፅ የለውም፤ የሚቆምም አልመሰላት።

ፈገግ ብላ እንደነበር ያወቀችው ሬዲዮ ስትስቅባት ነው። ቀሪዎቹ ጎማዎች እስከ ሐሙስ ፈጇቸው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ይህን ያህል ቆሽሸው፣ ይህን ያህልም ተደስተው አያውቁም።

*

ዓርብ ከሰዓት ክበቡ በሙሉ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። ብስክሌቶቹ ግድግዳ ተደግፈዋል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። «በየራሳችሁ ግጠሙ!» አሉ መምህሩና ፊሽካቸውን ነፉ።

መጀመሪያ የጨረሰው ዳገት ነው፤ እሱ መጀመሪያ ካልጨረሰ ይታመማል። ጎማውን ሰካ፣ እጀታውን ያዘ፣ እንደ ዳዶ ያሽከረክረው ጀመር። አዞረ፣ አዞረ፣ እስኪበቃው አጠበቀና እጁን አራገፈ። «ይኼን ነው አይገጥምም ያልሽው?» ብሎ ኮርቻው ላይ ዘለለ።

አሥራ አምስት በዚህ ጊዜ በሌላኛው ዳር የአንዱን ልጅ ጎማ ቀጥ ታደርግ ነበር። ቀና ስትል ዳገት ሜዳውን አቋርጧል። የደረጃውን ጠርዝ ሲዘል የፊት ጎማው ወደ ጎን ጋደለ፣ ሹካውን ነከሰ፣ ብስክሌቱ እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ አለ። ዳገት ግን አልቆመም። በመሪው ላይ አልፎ ቁጥቋጦው አጥር ውስጥ በጭንቅላቱ ገባ።

ለትንሽ ጊዜ ሁለት ጫማዎች ብቻ ነበሩ የሚታዩት።

«ሳልፈታው ተፈታ!» አለ ከአጥሩ ውስጥ የመጣ ድምፅ። «ሰው አይስቅ! ሳልፈታው ነው የተፈታው!»

ከጉንጩ ጭረት በቀር ምንም አልሆነም። መምህሩ ግን ገርጥተዋል። ወደ ቀሩት ብስክሌቶች ሄደው አንድ በአንድ እጀታቸውን ነካኩ። ሁሉም እንደ ዳገት አሽከርክረውታል፤ ማን ምን ያድርግ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ዳዶ ነው። አንዱም አልታጠፈም።

«በቃ!» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን እጀታዎች ማንም አይነካም። አንተም፣ አንቺም። የምትከፍተው አሥራ አምስት፣ የምትዘጋው አሥራ አምስት። የትም ስንሄድ እሷ አብራ ትሄዳለች። ነገም ቦታዋ እንደተጠበቀ ነው።»

ማንም አልተቃወመም። ዳገት ከፀጉሩ ቅጠል እየነቀለ አንገቱን ነቀነቀ።

መንግሥቷ በራሱ እግር ተመልሶ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ያውም በአዲስ ሕግ፣ በሕዝብ ፈቃድ። አሁን መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ይበቃታል። የግድቡ ውኃ ታያት፤ ለጥ ያለው መንገድ፣ የሚያፏጨው የጎማዋ ንፋስ። ዞር ስትል ሬዲዮን አየች። ሬዲዮ ዳገት ጀርባ ላይ የተሰካውን እሾህ እየነቀለች ነው፤ ነገ ማን እንደሚቀር የገባት መሆኑን ፊቷ አይናገርም። አፏም አይናገርም።

«ቲቸር» አለች አሥራ አምስት። «ቀላል ነገር እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«አጥፌ ካላሳየኋቸው ከየት ያውቁታል? ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ድምፏን ከፍ አደረገች። «ዳገት፣ ና እስቲ። አሁንማ ወድቀሃል፤ የሚያስፈራህ ነገር የለም።»

ዳገት እየተነጫነጨ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። ሌሎቹም ከበቧቸው።

«አይሽከረከርም። ይታጠፋል። መጀመሪያ ክፈተው። በዚያኛው በኩል ያለችውን ትንሽ ዳዶ በግራህ ያዝ፤ እሷን ታጠብቃለህ። አሁን እጀታውን እጠፈው። እ? ዝም ብሎ ከታጠፈ ላልቷል። ትንሿን ትንሽ ዙር ጨምርላት። ድጋሚ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲታገልህ፣ እሱ ነው። አሁን በመዳፍህ ግፋው።»

ዳገት ጥርሱን ነክሶ ገፋ። እጀታው ከሹካው ጎን ጥብቅ ብሎ ተኛ።

«መዳፍህን አሳየኝ።»

መዳፉ ላይ ቀይ የእጀታ ቅርጽ ታትሟል።

«እንዲህ ነው። መዳፍህ ላይ ምልክት ካልተወ አልተዘጋም።»

ሁሉም ወደየብስክሌታቸው ሮጡ። ግቢው በማቃሰትና «ኧረ አልታጠፍ አለኝ!» በሚል ጩኸት ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ በጥፍር ምርመራ ቀን እንደሚደረገው እጃቸውን ዘርግተው ተሰለፉ። አሥራ አምስት እየዞረች አየች፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። «አንተ ወደ ኋላ፣ የሐሰት ምልክት ነው፣ በጥፍርህ ነው የሠራኸው።» በሰልፉ መጨረሻ ላይ መምህሩም መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። የእሳቸውም ቀልቷል።

ከዚያ ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ያንኑ ነገር በአንድ ጊዜ አሰበ።

«እንግዲህ» አሉ መምህሩ። «ዘጠኝ ሰው፣ ስምንት ወንበር።»

«በሜዳ ውድድር ነዋ፣ እንደ ሕጉ...» ብሎ ጀመረ ዳገት፤ አሥራ አምስትን አየና የቀረውን ዋጠው። መሬቱን በጫማው ጫረ። «ወይም በሌላ።»

«ዕጣ» አሉ መምህሩ። «አሥራ አምስት፣ መጋዘን ካለው አሮጌ ጎማ ዘጠኝ ሽቦ አምጪልኝ። አንዱን ከግማሹ ቁረጪው። አጭሩን የሳበ ይቀራል።»

መጋዘን ገብታ ሽቦዎቹን ፈታች፣ አንዱን ሞርሳ ላይ አስራ በመጋዝ ቆረጠች፣ አምጥታ ሰጠቻቸው። መምህሩ ፊታቸውን አዙረው አናቶቹን እኩል አደረጉና በጡጫቸው ያዟቸው።

«የሠራችው ትጀምር!» አለ ዳገት። ሌሎቹም «ትጀምር፣ ትጀምር» አሉ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ሬዲዮ ናት።

አሥራ አምስት ቀረበች። ዘጠኝ የሽቦ አናት ከመምህሩ ጡጫ በላይ ብቅ ብሏል። ስምንቱ ነጭ ናቸው። አንዱ፣ ከዳር ሁለተኛው፣ ዝገት ነክቶት ቀላ ብሏል። ታውቀዋለች። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሞርሳው ላይ አስራ የቆረጠችው እሱን ነው። ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ መምህሩ።

«አንዴ ያደባልቋቸው።»

«አደባልቄያቸው ነበር እኮ።»

«እንደገና፣ ቲቸር።»

መምህሩ ግራ ገብቷቸው ዞር አሉ። እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት ዓይኗን ጨፈነች። የሽቦዎቹ መንቀጫቀጭ ተሰማት፣ ከኋላዋ የሰው ትንፋሽ፣ ራቅ ብሎ እየዞረ ያለ የአንድ ጎማ ድምፅ። «በይ እሺ» ሲሉ ሰማች። እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ፈለገች፤ መጀመሪያ የነካችውን ሽቦ በሁለት ጣቷ ያዘች።

ሳበችው።